የጭብጨባ ተራ

ሰኔ 3፣ ሰኞ

አንተ ይሄን ደብተር የከፈትክ! አዎ፣ አንተን ነው። ወይም አንቺን፣ ኦቨርሎክ ከሆንሽ። ክር ፈልገሽ ነው አይደል መሳቢያዬን የሳብሽው? ክሩ ከላይ ነው። ደብተሩ ከታች፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ስር ነው። ከላይ ያለ ክር ፍለጋ እስከ ታች የሚያስቆፍር ምን ዓይነት ችግር ነው? ለማንኛውም ከጀመርሽ ጨርሺው። ግማሹን አንብቦ ሙሉውን የሚያወራ ሰው ደሜን ያፈላዋል።

መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጥኩት። የቀረውን ከጋዜጣ፣ ከሬዲዮና ከሰው አፍ ለቅሜ ነው ያወቅኩት። ስፌት ቤቱ ውስጥ «ጠበቃዋ» ይሉኛል። ሲቸግራቸው በፍቅር፣ ስረታቸው ጥርሳቸውን ነክሰው።

ዛሬ የሆነው ይሄ ነው። ኦቨርሎክ ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛ ገባች። (ስሟ አይደለም። የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝመው ማሽን ላይ ነው የምትሠራው፣ እንደ ማሽኑም ከተነሳች አታቆምም።) «መድረክ» የሚባል ነገር አለ አለችን። ትጽፊያለሽ፣ ወይ ፎቶ ትለጥፊያለሽ፣ ሰው ያጨበጭብልሻል፣ ጭብጨባው ነጥብ ይሆናል፣ ነጥቡ የስልክ ካርድ ይሆናል።

«ማነው ከፋዩ?» አልኳት።

«መድረኩ ነዋ!»

«መድረኩ ከየት አምጥቶ?»

«አንቺ ደሞ! ዝናቡ ከየት መጣ ብለሽ ጠይቀሽ ነው ባልዲ የምትደቅኚው?»

ቆራጩ መቀሱን አስቀመጠ። ሃያ ሁለት ዓመት ጨርቅ የቆረጠ ሰው ነው፣ መቀሱን በዋዛ አያስቀምጥም። «ማጨብጨብ ብቻ ከሆነማ እጅ አለን» አለ።

እኔ መድረኩን አውቀዋለሁ። ለእትዬ ገጹን የከፈትኩላት እኔው ነኝ። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ መነሃሪያ በማይክሮፎን ስትጣራ የኖረች ናት። «የአሥራ አንድ ቁጥር ተሳፋሪዎች፣ በር ሦስት!» ስትል የከተማው እኩሌታ ይሰማት ነበር። አምና ጉሮሮዋን ቀዶ ጥገና አደረገች። እሷ ተረፈች፣ ንግግሯ ቀረ። አብረን ነው የምንኖረው። አንገቷ ላይ ባንጠለጠለችው ትንሽ ደብተር እየጻፈች ታናግረኛለች። ስትፈልገኝ ጠረጴዛውን ሁለቴ ታንኳኳለች። መድረኩ ላይ ደሞ ስለ ተሳፋሪዎቿ ትጽፋለች፣ በሁለት ሳምንት አንድ። አንድ! ስምንት ዘጠኝ ሰው ያነብላታል። አጨብጭቡልኝ አትልም። ቀብራራ ናት።

ሰኔ 5፣ ረቡዕ

ችኮላ ላይ ነኝ። የሆቴል ሥራ፣ አርባ መስኮት። ስድስታችንም ገጽ ከፍተናል። ሁሉም ያገኘውን ያጨበጭባል። ቆራጩ ከጠዋት እስከ ምሳ ሁለት መቶ ጊዜ። ከዚያ ስልኩ «እጅዎ ዝሏል፣ ያሳርፉት» አለው። «እጄን በየት በኩል አየው?» ብሎ ካሜራውን በፕላስተር ለጠፈው። እስካሁን እንደተለጠፈ ነው።

ነጥብ፦ ዜሮ። የስድስታችንም።

ሰኔ 9፣ እሁድ

ቁጭ ብዬ ደንቡን አነበብኩ። ከመሀላችን ያነበበ ሰው እኔ ብቻ ነኝ፣ ይሄ ይመዝገብልኝ። በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነው፣ እንደ መድኃኒት ወረቀት። አንዱ እጅ ካንዱ እኩል አይደለም ይላል። የአዲስ ገቢ እጅ እንደ ጥጥ ነው፣ ብታጨበጭቢም አይሰማም። የቆየ ሰው እጅ ግን እንደ ጣውላ ነው። ደሞ ባጨበጨብሽ ቁጥር እጅሽ ይዝላል፣ ካላሳረፍሽው አይመለስም። ከሱ በታች ሌላም አንቀጽ ነበረ፣ ስለ «አንብቦ መፍረድ» ምናምን የሚል። እሱን ዘለልኩት። ወግ ነው።

ስለዚህ ቆራጩ ሁለት መቶ ቦታ የበተነው እጅ ምንም አይደለም ማለት ነው። ስድስት ጥጥ እጅ የሚረባው አንድ ቦታ ሲያርፍ ነው። ዛሬ ላንዱ፣ ነገ ለሌላው። ተራ!

ተራን ደሞ ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ከስምንት ዓመት በፊት አንዲት ደንበኛ ከበር ስትገባ ቆራጩና ያኔ የነበረ ሰፊ «የኔ ናት፣ የኔ ናት» ብለው በመቀስ ሊተላለቁ ነበር። በማግስቱ ካርቶን ላይ ጽፌ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። በበር የገባ ደንበኛ የባለ ተራው ነው። ተራ አይሸጥም፣ አይሰጥም፣ አይባክንም። የነጠቀ ሁለት ተራ ይቀጣል። ከዚያን ቀን ወዲህ እዚያ ቤት ደም የፈሰሰው በመርፌ ብቻ ነው።

ይሄን እያሰብኩ እትዬ አጠገቤ ትጽፋለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ትጽፍና ታጠፋለች። መልሳ ትጽፋለች። ቆሽቴን ታሳርረዋለች። ከጽሑፏ ስር ሁልጊዜ የሚጽፍላት አንድ ሰው አለ። ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው፣ ሌላ ከተማ ያለ። ማይክሮፎን ላይ ሳለች ያውቃት ነበር። ዛሬ የጻፈላትን በትከሻዋ በኩል አየሁት፦ «እመቤቴ፣ እርስዎ ሲጽፉ አሁንም በር ሦስት ላይ የቆምኩ ይመስለኛል።» ፈገግ አለች። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ በኔ ቀልድ እንደዚያ ፈገግ ብላ አታውቅም። ይሁን እስቲ።

ሰኔ 11፣ ማክሰኞ

የተራውን ዝርዝር መድረኩ ላይ ለጠፍኩት። በግልጽ፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው! የማን ቀን የቱ እንደሆነ፣ ሁላችንም በዚያ ቀን ለባለ ተራው ብቻ እንደምናጨበጭብ፣ ተራ የዘለለ ሁለት ተራ እንደሚቀጣ። ርዕሱን «ፍትሕ እንዲህ ነው» አልኩት። ሌባ ይደብቃል። እኛ ምን እንደብቃለን?

አንድ ችግር ነበር። ሳምንት ሰባት ነው፣ እኛ ስድስት። እሁድን ለእትዬ ገጽ ሰጠሁት። ጥቅሙ ለሷ ነው፣ ያለ ልፋት ስድስት እጅ። ደሞ የሷ እጅ የዓመት እጅ ነው፣ ጣውላ ነው። የኛን ጥጥ ትንሽ ያጠነክረዋል። የመክፈቻ ቃሉን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፣ ቀይራው አታውቅም። ሰኞና ማክሰኞ በሷ ገጽ አጨብጭቤያለሁ።

ልነግራት ነበር። ዛሬ ትንሽ ሲያስላት ነበርና ተውኩት።

ሰኔ 14፣ ዓርብ

ይሠራል! ነጥብ መግባት ጀመረ።

ግን ምን ዓይነት ነገር ነው የምናጨበጭበው? ያስጠላኛል። ኦቨርሎክ አንዱን ቡናማ መጋረጃ ከሰባት አቅጣጫ ፎቶ አንስታ ሰባት ጊዜ ለጠፈችው። ቆራጩ «የነጭ ሽንኩርት አርባ ጥቅሞች» የሚል ከሆነ ቦታ ቃል በቃል ገልብጦ ለጠፈ፣ ሠላሳ ሦስተኛውና ሠላሳ አራተኛው አንድ ናቸው። ቁልፍ ከሚተክሉት አንዷ የፀሐይ መጥለቂያ ለጥፋ «ዛሬ ያነሳሁት» አለች። ዛሬ ሙሉ ቀን ዘንቧል!

ከስር ያለው አስተያየት ነው የሚያቅለሸልሸው። «ድንቅ ነው እህቴ፣ ወደኔም ጎራ በይ።» «ድንቅ ነው ወንድሜ፣ ወደኔም ጎራ በል።» አላነበቡም እኮ! ቆራጩ በስህተት የጫማውን ፎቶ ለጥፎ አሥራ አራት ሰው «ጥልቅ ሐሳብ» አለው። እከክልኝ ልከክልህ። ሁሉም ያክካል፣ የታከከው ግን ቁስል ነው።

ምሳ ላይ ይሄን ስናገር ኦቨርሎክ «ጠበቃዬ፣ ትላንት የኔን ቡናማ መጋረጃ 'ነፍስን ያሳርፋል' ያልሽው አንቺ አይደለሽም?» አለችኝ። ሳቁብኝ። ተራዋ ስለነበር ነው ያልኩት። ደንብ ደንብ ነው።

ሰኔ 16፣ እሁድ

የእትዬ ተራ። አልጻፈችም። በሁለት ሳምንት አንድ ነው ብያለሁ። አምስቱም እጃቸውን አሳርፈው ይጠብቃሉ፣ ቆራጩ «ምነው ጠበቃ፣ እህትሽ ልትነጥቀን ነው?» ብሎ ሁለቴ ደወለ።

ተራ አይባክንም። በገጿ ገብቼ ያለውን ለጠፍኩ።

ሰኔ 18፣ ማክሰኞ

መቶ ስድስት ጭብጨባ! ስድስታችን ብቻ አይደለንም፣ የማናውቀው ሰው ሁሉ። እትዬ ዓመቱን ሙሉ ይህን ያህል አግኝታ አታውቅም። ሹፌሩ ግን ከስሩ ምንም አልጻፈም።

እትዬ ጠዋት ከክፍሏ ወጥታ ደብተሯን ገልጣ አሳየችኝ፦ «ይሄን ማነው የለጠፈው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አንዳንዴ ስልኩ ራሱ ያደርገዋል» አልኳት።

እጄ ላይ የሆቴሉ መጋረጃ ነበር። መስፋቴን ቀጠልኩ። ስፌቱ ተጣመመ፣ መፍታት ነበረብኝ።

ሰኔ 19፣ ረቡዕ

ጉድ ፈላ። መድረኩ ላይ «ወንፊት» ነኝ የሚል ሰው አለ፣ አጭበርባሪ የሚያጣራ። ሰባቱንም ገጾች ሸፈናቸው። ጽሑፎቻችን ላይ ግራጫ ነገር ተጋርዷል፦ «ይህ ጽሑፍ በተቀናጀ ጭብጨባ ምክንያት ተሸፍኗል።»

ሰባቱንም። ሃያ አራቱንም የእትዬ ጽሑፍ።

ሰኔ 21፣ ዓርብ

መብራት የለም። ማሽኖቹ ቆመዋል፣ ሌሎቹ ወሬያቸውን ይሰልቃሉ፣ እኔ መስኮቱ ስር ይሄን እጽፋለሁ። ከወንፊት ጋር የተባባልነውን ልገልብጠው፣ ነገ ሸምጥጦ ቢክድ ማስረጃ እንዲሆነኝ።

እኔ፦ «ምን ደብቀን ነው አጭበርባሪ ያልከን? ዝርዝሩን በአደባባይ ለጥፌዋለሁ!»

እሱ፦ «አዎ። ስላልደበቃችሁ ሥራዬ ቀሎልኛል። እንዲህ ዓይነት ማስረጃ ራሱ ወንጀለኛው ለጥፎልኝ አያውቅም።»

ሰዎች ሳቁ። ከስሩ ሰባ ሰው ሳቀብኝ።

እኔ፦ «የገዛ እጃችን ነው። ላሻን እናጨበጭባለን።»

እሱ፦ «የነጥቡ ማሰሮ አንድ ነው እህቴ። መድረኩ በቀን የሚሰጠው ነጥብ የተወሰነ ነው፣ እሱ ነው በጭብጨባው ልክ የሚከፋፈለው። ሳታነቡ ለቡናማ መጋረጃ ባጨበጨባችሁ ቁጥር ከሌላ ጸሐፊ ድርሻ ትቀንሳላችሁ። ጭብጨባ ሰላምታ አይደለም። ሰው አንብቦ የሚሰጠው ፍርድ ነው።»

እኔ፦ «ከማን ቀነስን? ስሙን ጥራ!»

ጠራ። አንዲት ሦስት ዓመት የጻፈች ነርስ አለች፣ የተረኛ ክፍሏን ታሪክ የምትጽፍ። በዚያ ሳምንት ድርሻዋ በግማሽ ወርዷል አለ። ቁጥሩን ለጠፈው። ሁለት የሷን ጽሑፍ አነበብኩ። ጥሩ ነው። ጥሩ ነው ምን ታደርጊዋለሽ! እኔ መድረኩ እንደኛ ቤት መስሎኝ ነበር። ደንበኛ በበር ይገባል፣ ባለ ተራው ይቀበላል፣ የሌላውን ማንም አይነካም። እዚያ ግን በሩ የሁሉም ነው፣ እኛ ሰባት ሆነን በሩ ላይ ቆመንበታል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይላሉ።

ቢሆንስ? መምከር አይቀድምም? ወዲያው ግራጫ መጋረጃ? ደሞ በመጋረጃ እኔ ላይ!

ከእትዬ የመጨረሻ ጽሑፍ ስር ሹፌሩ በመጨረሻ ጽፏል። አንድ ቃል ነው።

«እርስዎም?»

ሰኔ 23፣ እሁድ

እትዬ ስልኳን መሳቢያ ውስጥ ከታ ቆልፋዋለች። የመክፈቻ ቃሉንም ቀይራዋለች። አውቃለሁ፣ ሞክሬዋለሁ።

ጠረጴዛውን አላንኳኳችም። ከትላንት ወዲያ ጀምሮ። እራት ላይ ጨው ራቀባት፣ ተነስታ ዞራ ሄዳ ራሷ አመጣች። «ንገሪኝ እንጂ አቀብልሽ የለ!» ብዬ ጮህኩባት። መናገር ለማትችል ሰው ንገሪኝ ብዬ ጮህኩ። ምላሴን ነው መቁረጥ።

ጥፋቴ ምንድነው ግን? ነጥብ እንድታገኝ ነው የፈለግኩት። ለጽሑፏ አሥራ ሦስት ነጥብ ሲሰጧት ማን ነው የተናደደላት? ሹፌሩ? እኔ ነኝ!

ሰኔ 25፣ ማክሰኞ

ካውያው ጋ ጨርቅ ልተኩስ ስሄድ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ሁለቱ ቁልፍ ተካዮች ያወራሉ።

«እህቷ ናት አሉ ያደራጀቻቸው። የቆየችው እሷ ናት።»

«ያቺ መነሃሪያ የነበረችው? አይመስልም ነበር እኮ። ዝምተኛ ውሻ አሉ!»

«ዝም የምትለው ወዳ ነው እንዴ?» ተሳሳቁ።

ወጥቼ የምላቸውን ማለት ነበረብኝ። ጠበቃ አይደለሁ? ካውያውን ይዤ ቆምኩ። ጨርቁ ላይ ቢጫ ምልክት ወጣ፣ የካውያው ቅርጽ።

ከሰዓት በኋላ ቆራጩ ሁሉንም ሰብስቦ «በእህቷ ይላከክ» አለ። «እሷ ጡረተኛ ናት፣ ምን ይቀርባታል? እሷ ናት ያስገባችን እንበልና እኛ አዲስ ገቢዎች ነን፣ አላወቅንም፣ ይከፍቱልናል።» ኦቨርሎክ ደገፈች። ሁሉም ዞረው እኔን አዩ።

እኔ ምንም አላልኩም።

ሰኔ 27፣ ሐሙስ

ዋሽቻለሁ። በገዛ ደብተሬ ላይ! ምንም አላልኩም አይደለም። «እስቲ ይታሰብበት» ነው ያልኩት። ይታሰብበት! ስለ እህቴ!

ጻፍኩት ካልኩ ሌላውንም ልጻፈው። ያን እሁድ «ያለውን ለጠፍኩ» ያልኩት ያለቀ ጽሑፍ አልነበረም። በገጿ ጓዳ፣ ለራሷ ያስቀመጠችው ነው። ከአራት ወር በፊት ጀምራ ትታዋለች። ቀዶ ጥገና ልትገባ ባለችበት ቀን ጠዋት፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃውን ከፍታ፣ የመነሃሪያውን መስመሮች በሙሉ ከአንድ እስከ ሃያ ስድስት ጠራቻቸው፣ በሩንም ሰዓቱንም። ለመጨረሻ ጊዜ ራሷ ልትሰማው። ያን ጠዋት እኔ በሩን እየደበደብኩ «ውኃ አታባክኚ፣ መኪናው ደርሷል!» እል ነበር። እሱም ተጽፏል፣ የኔ መደብደብ። ጽሑፉ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ላይ ነው የሚቆመው፣ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ።

እኔ ጨረስኩላት። የበሩን ድብደባ አወጣሁት። መጨረሻው ላይ ምን ጨመርኩ? «ልብዎን ከነካው ያጨብጭቡ፣ ወደ ሌሎቹም ጎራ ይበሉ።»

ቡናማ መጋረጃው ይሻላል። እሱ ቢያንስ መጋረጃ ነው።

ሰኔ 30፣ እሁድ

ወንፊት ከተራ ዝርዝሬ ስር ጻፈ። እትዬ ቅሬታ አስገብታለች ማለት ነው። ለኔ አልነገረችኝም፣ ለምን ትነግረኛለች?

«የመነሃሪያዋ ጸሐፊ ጭብጨባውም ሆነ የመጨረሻው ልጥፍ የኔ አይደለም ብላለች። ማን እንዳደረገው ጠይቄያት አልነግርህም ብላኛለች። በሌላ ሰው የተሠራ ከሆነ የሠራው ሰው በራሱ ገጽ፣ በግልጽ ይናገር። እስከ ዓርብ ካልተናገረ ፋይሉ ይዘጋል፣ ጽሑፎቹ አይከፈቱም።»

አልነግርህም ብላዋለች። ስሜን አልሰጠችውም።

ምሳ ሠርቼ ጠራኋት። መጣች፣ በላች። ተነስታ ልትሄድ ስትል «እትዬ፣ እኔ ነኝ» አልኳት። ደብተሯን አንስታ ጻፈች፣ ገንጥላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፦

«አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት ያልተነሳ አውቶቡስ ተነሳ ብዬ አላውቅም። ሰዎቹ ያመኑኝ ለዚያ ነው።»

ሌላ ምንም የለም። ስድብ ብትጽፍ በተሻለኝ።

ሐምሌ 1፣ ሰኞ

ልናገር ነው አልኳቸው። ስፌት ቤቱ ተናወጠ።

«ልጆቼን አስቢያቸው እንጂ!» አለች ኦቨርሎክ። የልጆቿ ስልክ ካርድ ነው የምትለው!

«ከተናገርሽ የኛ እስከ ወዲያኛው ይዘጋል» አለ ቆራጩ።

«ምኑ ነው የሚዘጋው? ነጭ ሽንኩርትህ?»

«ሰምተሻል። የስድስታችንን ለብቻሽ ልትነጥቂ ነው። የነጠቀ ይቀጣል፣ የጻፍሽው አንቺ ነሽ።» ካርቶኑን ከግድግዳው አውርዶ ፊቴ ላይ ያዘው። የገዛ ጽሑፌን! «ሁለት ተራ አይደለም፣ ክረምቱን ሙሉ ደንበኛ አይደርስሽም።»

ከልቡ ነው። አምስት ለአንድ ናቸው። ክረምቱን ሙሉ ያለ ደንበኛ ምን እንደምበላ አላውቅም።

«ቆራጬ፣» አልኩት፣ «ሃያ ሁለት ዓመት ስትቆርጥ ጨርቅ አበላሽተህ አታውቅም? ስታበላሽስ ለማን ሰጠኸው? ለራስህ ወሰድከው ወይስ ለጎረቤት አለበስከው?»

መቀሱን አነሳ።

ሐምሌ 3፣ ረቡዕ

ሁለት ደንበኛ ገባ። ሁለቱም አለፉኝ። ኦቨርሎክ ዓይኔን አላየችም። የሚያስጠላኝ እነሱ ይሁኑ እኔ መለየት አቅቶኛል።

ስድስት ጊዜ ጽፌ ስድስት ጊዜ አጠፋሁ። ስድስቱም ላይ መሀል አካባቢ ራሴን መከላከል እጀምራለሁ።

ሐምሌ 5፣ ዓርብ

ጠዋት ሥራ ሳልገባ ለጠፍኩት። ቃል በቃል ይሄ ነው፦

«የተራ ዝርዝሩን የለጠፍኩት እኔ መጋረጃ ሰፊዋ ነኝ። የምጽፈው በገዛ ገጼ ነው። የመነሃሪያዋ ጸሐፊ እህቴ ናት። ገጿን የከፈትኩላት እኔ ስለሆንኩ የመክፈቻ ቃሏን አውቀው ነበር። በሷ ገጽ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ፣ ሳልጠይቃት። ለራሷ ያስቀመጠችውን ያላለቀ ጽሑፍ ሰርቄ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። መጨረሻው ላይ ያለው ልመና የኔ ነው፣ እሷ በሕይወቷ ለምና አታውቅም። ከመሀሉም ያወጣሁት ነገር አለ፤ በሩን የምትደበድብ አንዲት ሴት። እኔ ነበርኩ።

ደንባችሁ በደቃቅ ፊደል ነው የተጻፈው፣ ይሄን አሁንም እላለሁ። ግን አንድ አንቀጽ ዘልያለሁ፣ አንብቦ መፍረድ የሚለውን። ያን የዘለልኩ ሰው ስለ ደቃቅ ፊደል ባላወራ ይሻለኛል። ነርሷን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ በስሟ ስር፣ ሰው እያየ።

የኔን ገጽ ዝጉት። አልከራከርም፣ መከራከር ባህሪዬ ነው ግን አልከራከርም።

አሁን እናንተ ተናገሩ። ወንፊት፦ ዓርብ ነው ብለሃል፣ ዓርብ ነው። አጭበርብራለች ስትል በአደባባይ ነበር። ሃያ አራቱን ጽሑፍ ትከፍታለህ ወይስ አትከፍትም? አዎ ወይ አይ በል።

ጡረተኛው ሹፌር፦ አንተንም ነው። አውቶቡስ ውስጥ ሆነህ ስንት ዓመት አምነሃት ስትነሳ ኖረሃል፣ አንድ እሁድ ተጠራጠርካት። አልፈርድብህም፣ ያጠራጠርኩህ እኔ ነኝ። ግን «እርስዎም?» ብለህ የጠየቅካት ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ነው። ይቅርታህን በጓዳ እንዳትልክላት። እዚሁ፣ ከዚህ ከጽሑፌ ስር፣ ሰው ሁሉ እያየ መልስላት።»